ከሌጦ ጋር የከረምንበት ክረምት

ዝናብ የሚያወድስ ሰው ስሰማ ቆሽቴ ያርራል። ጂንካ ውስጥ ደግሞ ሞልተዋል። ከባጃጅ ወርደው፣ ጭቃው ጫማቸውን ይዞ አልለቅ እያላቸው፣ «ተመስገን ነው፣ በረከት ነው» ይላሉ። በረከት ይሁን፤ ለበቆሎውም ለእንሰቱም ይዝነብ፤ አልከፋም። ብቻ እኔን አቁመው አያውሩኝ። እኔ የቆዳ ነጋዴ ልጅ ነኝ። ዝናብ ሲጀምር ለሌላው ሰው የአፈር ሽታ ይመጣለታል፤ ለእኔ የሚመጣልኝ ውሃ የነካው የፍየል ሌጦ ነው። ይህን ሽታ የማያውቅ ሰው ፈጣሪውን ያመስግን። አውቃለሁ የሚል ካለ ደግሞ ከእሱ ጋር አንድ ቤት ይደርና ከዚያ እናወራለን።

አባቴ በወጣትነቱ ከደጋ አገር መጥቶ በዚያው ጂንካ የቀረ ሰው ነበር። እናቴ የዚሁ የአሪ ልጅ ናት። አባቴ ማክሰኞ አልዱባ፣ ቅዳሜ ዲመካ ገበያ ይወርድና የፍየልና የበግ ሌጦ፣ አልፎ አልፎም የከብት ቆዳ ይገዛል። ቤት አምጥቶ ሥጋ በነበረበት በኩል በጨው ያሸዋል፣ አንዱን ባንዱ ላይ ይከምራል፤ በየሁለት ሳምንቱ አይሱዙ መጥቶ ጭኖ ወደ መሀል አገር ይወስድለታል። ይህ ሁሉ የሚሠራው ጓሯችን ባለች የቆርቆሮ መጋዘን ነበር። መጋዘኗ ከቤታችን ሠላሳ እርምጃ ያህል ትርቃለች። ነፋሱ ወደ ጎረቤት ሲነፍስ ጎረቤት ያጉረመርማል፣ ወደ እኛ ሲነፍስ እኛ እናጉረመርማለን። እንዲያ እንዲያ እያልን እንኖር ነበር።

የምነግራችሁ ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመት በኋላ ስለነበረ አንድ ክረምት ነው። አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። እናቴ ከእኔ በኋላ ሁለት ጊዜ ፅንስ ወርዶባት፣ ሰውም ተስፋ ቆርጦ፣ እሷም ተስፋ ቆርጣ፣ በዚያ ክረምት እህቴን ወለደች። ልጅቷ ሚጢጢ ነበረች፤ እግሯ ከአውራ ጣቴ ብዙም አይበልጥም። ታላቅ አክስቴ፣ የእናቴ እህት፣ አራሷን ልትጠብቅ ልብሷን በፌስታል ቋጥራ መጣች። ጎረቤቶቻችን በሩ ላይ ቆመው «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ሲሉ አክስቴ ከውስጥ «ጌታ ይመስገን!» እያለች ታርማቸዋለች። በቤተ ክርስቲያኗ የመዘምራን አባል ስለሆነች ድምፅ አላት፤ ማንም አያሸንፋትም።

ልጅቷ በተወለደች በሦስተኛው ቀን ዝናቡ ጀመረ። ጀመረ ስላችሁ ሌላ እንዳይመስላችሁ፤ ከዚያ በኋላ አላቆመም። ማታ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ያድራል፣ ጠዋት ያካፋል፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ማታውን የረሳው ነገር እንዳለ ሁሉ ተመልሶ ይመጣል። ዝናቡ በጀመረ በአራተኛው ቀን ከላይ ሰፈር የመጣ ጎርፍ ጓሯችን ገብቶ የመጋዘኗን አንድ ጎን ነቅሎ ጣለው። አባቴ ሱሪውን ሰብስቦ እስከ ጉልበቱ ውሃ ውስጥ ቆመና ሌጦውን አየው። ከዚያ ቤታችንን አየው። አስተያየቱን ሳይ ገባኝ።

«ለሁለት ቀን ነው» አለ። «መኪናው እስኪመጣ ብቻ።»

ቤታችን ሳሎንና መኝታ ቤት ነበር። መሀላቸው በር የለም፤ መጋረጃ ነው። አባቴ ከመቶ የሚበልጥ ሌጦ እየተሸከመ አምጥቶ ሳሎኑ ውስጥ፣ ከመጋረጃው ወዲህ፣ እስከ ደረቱ ድረስ ከመረው። ከመጋረጃው ወዲያ እናቴና የሰባት ቀን ልጅ ተኝተዋል። አክስቴ አፏን ይዛ ቆመች። «አንተ ሰው፣ አራስ ቤት?» አለችው። «ምን ችግር አለው እትዬ፣ ጨው የበላ ነገር እኮ ነው» አላት። አክስቴ ሲብስባት ወደ አሪኛ ትሻገራለች፤ ያን ቀን ተሻገረች። አባቴ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ የመጨረሻዎቹን ሌጦዎች ሊያመጣ ወጣ።

መኪናው በሁለት ቀን አልመጣም፤ በሳምንትም አልመጣም። መንገዱ ተቆርጧል ተባለ። አንዱ የጫነ መኪና ጭቃ ውስጥ እስከ ጎማው አናት ሰምጦ መንገዱን ዘግቶታል፣ ከኋላው ሌሎች ተሰልፈዋል ተባለ። ትምህርት ቤት ዝግ ነው፤ ክረምት ነው። የምሸሽበት የለኝም።

እስቲ ያን ቤት ልንገራችሁ። ጨው ውሃ ሲያገኝ ይቀልጣል፤ ቀልጦ ከሌጦው ደም ጋር ይወርዳል። ከክምሩ ሥር ቡኒ ነገር ይንጠባጠባል፤ የአፈሩ ወለል ጠጥቶ ሲጠግብ ወደ መጋረጃው ይሄዳል። ጠዋት ስነሳ ነጠላ ጫማዬ ወለሉ ላይ ይጣበቅና ጧ ብሎ ይላቀቃል። ፀጉሩ እየተነቀለ ውሃው ላይ ይገኛል፣ ትራስ ላይ ይገኛል፣ አንድ ቀን ከጥርሴ መሀል አወጣሁ። ሌጦው በገባ በአምስተኛው ቀን ከክምሩ ሥር ነጭ ነገር ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ጨው መስሎኝ ጎንበስ ብዬ ሳይ ትል ነው። ትሉ አይጎዳም አለ አባቴ። አንዱን በጥፍሩ አንስቶ በር ላይ ወረወረውና በዚያው እጁ እንጀራ ቆረሰ። አባቴን ያን ቀን ጠላሁት፤ እንዲህ ነው ብዬ ነው የምናገረው፣ አላሳምረውም።

ሽታውን በቃል አልጨርሰውም። የሞተ ነገር ሽታ አለው፣ የሽንት ሽታ አለው፣ ዓይን የሚያቃጥልም ነገር አለው። ልብሴ ውስጥ ገባ፣ ፀጉሬ ውስጥ ገባ። ወፍጮ ቤት እህል ላስፈጭ ስሄድ ሰልፉ ላይ ያሉት ሴቶች ፈቀቅ እያሉ ቦታ ይለቁልኛል። መጀመሪያ ለአራስ ቤት የሚፈጭ ነው ብለው ያከበሩኝ መሰለኝ። ከዚያ አንዷ ለጓደኛዋ «ኧረ ምን ሞተ?» ስትል ሰማሁ። ሌላዋ ከእኔ አጠገብ የቆመውን የሥጋ ቤት ሠራተኛ አይታ «ግም ለግም አብረህ አዝግም» ብላ ሳቀች። እንባዬን ውጬ ዱቄቴን ተሸክሜ ገባሁ።

አክስቴ ደግሞ ሌላ መከራ ናት። አራስ ብርድ ከመታት አለቀላት ባይ ናት። መስኮቱን ዘግታ ስንጥቁን በጨርቅ ወተፈችው። በሩንም አንድ ሰው ሲገባ ትከፍተውና ወዲያው ትገፋዋለች። ያው እንግዲህ፣ አንዱ ያገማል፣ አንዷ ትዘጋለች፤ መሀል ላይ እኛ አለን። «ትንሽ ይከፈት እንጂ አክስቴ» ስላት «እናትሽን ልትገይ ነው?» ትለኛለች። የሚገድለንማ ከውስጥ ነበር።

እናቴ መብላት አቆመች። ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው የሚመጣው። አክስቴ ገንፎውን ገንፍታ፣ ቅቤውን መሀሉ ላይ አድርጋ፣ እያወዛች ታመጣለታለች። እናቴ ማንኪያውን ወደ አፏ ስታስጠጋ ትንፋሿን መሳብ አለባት፤ ስትስብ ሌጦው ይገባል። ታስመልሰዋለች። አጥሚቱንም ታስመልሰዋለች። ሾርባውን አየት አድርጋ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። በስምንተኛው ቀን ጡቷ ረገበ። ልጅቷ ትይዘዋለች፣ ትስባለች፣ ምንም ሳይመጣላት ሲቀር ለቃው ታለቅሳለች፤ ለቅሶዋም እየቀጠነ ሄደ። አክስቴ ልጅቷን በሁለት እጇ ከፍ አድርጋ ክብደቷን ለካችና መልሳ አስተኛቻት። ከዚያ ኩሽና ገብታ ስታለቅስ አገኘኋት። «ወተቱ እየደረቀ ነው» አለችኝ። «ሁለቱን እንዳጣች ሦስተኛዋን ልታጣ ነው።»

አባቴ ዘንድ ሄድኩ። ከክምሩ ዝቅ ባለው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ወንበሩ የሌጦ ማስቀመጫ ስለሆነ።

«አባዬ፣ ሽታው ነው እኮ የማያስበላት።»

«የምን ሽታ?»

«የምን ሽታ ይላል እንዴ! የዚህ ግማት ነዋ!»

«አፍሽን ሰብስቢ። የምትበይው ከዚህ ነው።» አንዱን ሌጦ ዳሰስ አድርጎ ደግሞ፣ «ይሄ የሚሸት ሌጦ አይደለም። የሚሸተውን እኔ አውቀዋለሁ» አለ።

ካፈርኩ አይመልሰኝ ነው አልኩ በሆዴ። እያየ፣ እየሸተተው፣ ለሌጦው ብሎ እናቴ ላይ የሚጨክን መሰለኝ። የልጅ ጥላቻ ድርድር አያውቅም፤ ምግቡን ሳቀርብለት ሳህኑን ጥዬለት ነበር የምሄደው።

በማግስቱ ጠዋት አክስቴ እናቴን ልታጥባት ልጅቷን ለአባቴ ሰጠችው። እኔ ደጃፉ ላይ ጎመን እቀነጥባለሁ። ትንሽ ቆይቶ ልጅቷን አስቀመጣት፤ አረንጓዴ ነገር፣ ከመጠቅለያዋ አልፎ የአባቴን ሸሚዝ ከደረቱ እስከ እምብርቱ አራሰው። ሽታው ያን ሁሉ የሌጦ ክምር አቋርጦ እኔ ጋ ደረሰ። አባቴ ግን ልጅቷን እሹሩሩ እያለ እያወዛወዘ ነው። ጎመኑን ቀንጥቤ ጨረስኩ፤ እሱ አሁንም እያንጎራጎረ ነው።

«አባዬ፣ አልሸተተህም?»

«ምኑ?» አለ። ከዚያ የማየውን ተከትሎ ወደ ደረቱ አየና ደነገጠ። «አሁን ነው» አለ ቶሎ ብሎ። «አሁን ነው ያደረገችው።»

አሁን አልነበረም።

ነገሩን ቀኑን ሙሉ ሳወጣ ሳወርድ ዋልኩ። ማታ ለእራት ሽንኩርት ስከትፍ፣ ጎረቤት ለአራስ ካመጣው ዕንቁላል አንዱን አክስቴ ስትሰብረው የገማ ሆኖ ተገኘ። «እግዚኦ!» ብላ ልትደፋው ስትል ከእጇ ቀማኋት። ሲኒ ውስጥ ያለውን፣ ጠቆር ያለውን፣ አስኳሉ የፈሰሰውን ይዤ ሳሎን ገባሁ። ኩራዙ ብርሃኑ ደብዛዛ ነበር። ሲኒውን ከአፍንጫው ሥር አደረግሁለት።

«አባዬ፣ ይሄ ዕንቁላል ደህና ነው ወይ? አክስቴ ጠርጥራ ነው።»

ሲኒውን ተቀበለኝ። ወደ አፍንጫው አስጠጋው። ሳብ አደረገ፣ ግንባሩን ቋጠር አድርጎ አሰብ አደረገ፣ ልክ ገበያ ላይ እንደሚያደርገው።

«ደህና ነው» አለኝ። «ጥበሺው።»

ሲኒውን ይዤ ቆምኩ። ዲመካ ገበያ አብሬው የወረድኩባቸው ቀኖች ትዝ አሉኝ። ሌጦውን ያነሳል፣ አፍንጫው ድረስ ያመጣል፣ ፊቱን ያኮማትርና «ይሄ አይሆንም» ብሎ ይመልሳል። ሻጮቹ «ይሄ ሰው አይሸወድም» ይሉት ነበር። ለካ በጣቱ ነው። ፀጉሩን በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ ይዞ ቀስ ብሎ ይነቅላል፤ ከለቀቀ የተበላሸ ነው። የአፍንጫው ነገር ለሰው ዓይን ነበር። ሌጦ ገዢ አፍንጫ እንደሌለው ከታወቀ የገበያው ሰው የገማ የገማውን እየሰበሰበ እንደሚያመጣለት ያውቃል። ለዚህ ነው ለእኛም ያልነገረን። ለሚስቱ እንኳ!

ላዝንለት ይገባ ነበር፤ እኔ ግን አላዘንኩም። የባሰ ነው ያስጠላኝ። ሲኒውን ደፍቼ መጋረጃውን ገልጬ ገባሁና ለእናቴ ሁሉንም ዘከዘክሁላት፤ ዕንቁላሉንም፣ የልጅቷንም። አክስቴ ከኋላዬ መጥታ ሰምታ «ወይ ጉድ!» ብላ ሳቅ ልትል ነበር፤ የእናቴን ፊት ስታይ ተወችው። እናቴ ዓይኗን ጣሪያው ላይ ተከለች። «እኔ እኮ ስንት ዓመት» አለች በመጨረሻ፣ «ወጡ አረረ እንዴ ስለው፣ አላረረም፣ ይጣፍጣል ይለኛል። ሊያስደስተኝ ይመስለኝ ነበር።»

ያን ማታ ለአባቴ አላነሳችበትም። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ግን፣ ዝናቡ እየወረደ፣ አባቴን ጠራችው። ገብቶ ከአልጋው አጠገብ ቆመ። ልጅቷን ከጎኗ አንስታ ሰጠችው። ልጅቷ ማልቀስ እንኳ ትታ ነበር፤ አፏን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች።

«አናቷን አሽታት» አለችው።

«ምን?»

«ልጅህ አይደለችም? የሕፃን አናት ሰው ሁሉ ያሸታል። አሽታት።»

አባቴ ጎንበስ ብሎ አፍንጫውን ከልጅቷ አናት አደረገ። ብዙ ቆየ። የተሸከመው ነገር እንዳይወድቅበት የፈራ ሰው ይመስል ነበር። ቀና ሲል ፈገግ ለማለት ሞከረ።

«ወተት ወተት ትላለች» አለ።

ሰው ስለ ሕፃን የሚለውን ነው ያለው። ምን ያድርግ፣ ሌላ አያውቅም።

«ሌጦ ነው የምትሸተው» አለች እናቴ። ድምጿ አልከረረም፤ አቅምም አልነበራት። «ከተወለደች ጀምሮ ወተት ሸትታ አታውቅም። እኔም ጡቴ ሌጦ ይሸታል። አንተ ባትነግረኝ እኔ ነገርኩህ። በቃ፣ ካሁን በኋላ አፍንጫህ እኔ ነኝ። ይሸታል ስልህ ይሸታል።»

አባቴ ልጅቷን መልሶ አስተኛት። እጁን አየው። ወደ እኔ ዞረና፣ «እውነት ነው?» አለኝ። እኔን ነው የጠየቀኝ። እልሄ ገና አልበረደም ነበር፤ «ልጅቷ በቁሟ የገማች ትመስላለች» አልኩት። ዛሬ ሳስበው አፌን በቆረጠው የምለው እሱን ነው። ያኔ ግን ደስ ብሎኝ ነበር ያልኩት።

ወጣ። ሌጦውን ማውጣት ጀመረ። አምስት አምስቱን ትከሻው ላይ እያደረገ፣ ያ ቡኒ ውሃ በአንገቱ እየወረደ፣ ዝናቡ ላይ ወስዶ ጭቃው ውስጥ ጣለው። ላስቲክ አላለበሰውም፣ ድንጋይ ላይ አላስቀመጠውም። ዝናብ ላይ የተጣለ ሌጦ ማለቂያው ምን እንደሆነ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። አክስቴ መጀመሪያ ቆማ አየችው፤ ከዚያ ቀሚሷን ወገቧ ላይ ቋጥራ ከክምሩ በሌላው ጫፍ ማንሳት ጀመረች። «ጌታ ሆይ፣ ጌታ ሆይ» እያለች ነው የምትሸከመው። እኔም አንዱን ያዝኩ። ሙልጭ ብሎ እጄ ውስጥ ተንሸራተተ፣ ፀጉሩ መዳፌ ላይ ቀረ፤ በሩ ላይ ደርሼ አስመለስኩ። አስመልሼ ሌላ ያዝኩ። የመጨረሻው ሲወጣ አክስቴ ራሷ መኝታ ቤት ገብታ የወተፈችውን ጨርቅ ነቅላ መስኮቱን ወለል አድርጋ ከፈተችው። «ብርዱም ይምጣ» አለች።

ወለሉን ፍቀን አመድ ነሰነስንበት። አባቴ ደጅ፣ ከጣሪያው በሚወርደው ውሃ ሥር፣ ሸሚዙን አውልቆ በሳሙና ታጠበ። ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ መጣና በሩ ላይ ቆመ። አልገባም። እጁን ወደ እኔ ዘረጋው።

«አሁንስ?» አለኝ።

አሸተትኩት። «ይሸታል» አልኩት።

ተመልሶ ሄደ። ሎሚ ቆርጦ እጁን ፈተገበት፤ ሲፈትግ ከበሩ ሆኜ አየዋለሁ። መጣ። «አሁንስ?»

«ገና ነው።»

እንደገና ወጣ። ያን ጊዜ በአሸዋ ነው የፈተገው። ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ እጁ ቀልቷል፤ ጣቶቹ መሀል ተልጦ ደም ብቅ ብሏል። «አሁንስ ልጄ?» አለኝ። ልጄ ብሎኝ አያውቅም ነበር፤ «አንቺ» ነው የሚለኝ። ጎንበስ ብዬ አሸተትኩ። ሳሙናው አለ፣ ሎሚው አለ፣ ከሥራቸው ሌጦው አለ።

«ለቋል» አልኩት። «ግባ።»

ገብቶ ከአልጋው ጫፍ ተቀመጠ። እናቴ ወዲያው ሸተታት፤ ፊቷ ሲጨማደድ አየሁ። አባቴም አየው። ሊነሳ ሲል እጅጌውን ያዘችው።

«ቁጭ በል» አለችው። ልጅቷን እቅፉ ውስጥ አደረገችለት፣ ወደ እኔ ዞረችና «ገንፎውን አምጪው» አለች።

ትኩሱን አመጣሁላት። በግራ እጇ የነጠላዋን ጫፍ አፍንጫዋ ላይ ይዛ፣ በቀኟ በማንኪያ እየዛቀች፣ ከአጠገቡ ሳትርቅ፣ ሳህኑን ጨረሰችው።